ከአያት እስከ ዱከም፦ ዳምፕሊንግ፣ ኑድልና የወተት ሻይ በከተማው ዳር

የአዲስ አበባ ከተማ ባቡር ከሚያበቃበት አያት እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ዱከም ድረስ፣ ዳምፕሊንግ (ሥጋ ወይም አትክልት የታጠፈበት ትንሽ ሊጥ)፣ ጥብስ ኑድል፣ ስፕሪንግ ሮልና የወተት ሻይ የሚሸጡ ትናንሽ ቤቶች በኮንዶሚኒየም ሥርና በመንገድ ዳር ይገኛሉ። አሠራራቸው ይመሳሰላል፤ አራት አምስት ጠረጴዛ፣ ባለ ሁለት ዓይን ቡታጋዝ፣ አንድ ጎድጓዳ መጥበሻ፣ አንድ ትልቅ በራድ። ሜኑው ግን ብዙ ጊዜ ከወጥ ቤቱ ይሰፋል። በሁለት ዓይን ምድጃ ሠላሳ ዓይነት ምግብ ትኩስ አድርጎ ማውጣት አይቻልም፤ አምስት ዓይነት ብቻ የጻፈ ቤት ሲገኝ ደፍሮ መግባት ነው።

እነዚህን ቤቶች የሚለያያቸው ዋናው ነገር ከፍታውን ማወቃቸው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሱሉልታ ላይ ወደ 91 ይወርዳል፣ ዱከም ላይ አንድ ዲግሪ ያህል ይጨምራል። የቻይናም ሆነ የኢንዶኔዥያ ምግብ አሠራር ላይ የሚጻፈው ደቂቃ ግን በ100 ዲግሪ ለሚፈላ ውሃ የታሰበ ነው። ደቂቃውን እንዳለ የሚከተል ቤት መሐሉ ያልበሰለ ኑድል፣ ጥርስ ላይ የሚጠጥር ሩዝና ጣዕሙ ያልወጣ ሻይ ያቀርባል። እሳቱን በመጨመር አይካካስም፤ ውሃው ይበልጥ ይንተከተካል እንጂ አይሞቅም። የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፣ ወይም ፕሬዠር ኩከር፣ ወይም ደግሞ መጥበሻ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትዕዛዝ በመጥበሻ የሚበስል ዳምፕሊንግ ቢሆን ይሻላል። የመጥበሻው ወለል ከፍታው ምንም ይሁን ምን ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል። በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ዳምፕሊንጉ በትንሽ ዘይት ላይ ተደርድሮ ታቹ ወርቃማ እስኪሆን ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ቁመቱን ሲሶ የሚሸፍን ውሃ ይጨመራል፣ ወዲያው ይከደናል። ቆላ ላይ ስድስት ደቂቃ የሚበቃው እዚህ ስምንት ይወስዳል። ከዚያ ክዳኑ ይነሣና የመንተክተኩ ድምፅ ወደ ጥብስ ድምፅ እስኪቀየር ይጠበቃል። ከወጥ ቤቱ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ይህን ለውጥ በጆሮው መከታተል ይችላል። ታቹ ጠቁሮ ላዩ የዱቄት ንጣት ካለው ክዳኑ ቶሎ ተነሥቷል። ታቹ ገርጥቶ ከረጠበ ደግሞ ውሃው በዝቷል፣ ወይም ሳይደርቅ ወጥቷል።

ሊጡ ለ500 ግራም ዱቄት 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ ከተቦካ በኋላ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ካላረፈ ሲዳመጥ ተመልሶ ይሰበሰባል። ጎበዝ ሠራተኛ ክቡን ሲዳምጥ ጠርዙን ከመሐሉ አሳስቶ ያወጣዋል፤ ሲታጠፍ ጠርዙ ድርብ ስለሚሆን ማለት ነው። ጥሬ የሚመስል ወፍራም ጠርዝ የገጠመው ሰው ይህ ሥራ እንደተዘለለ ይወቅ። ውስጡ የሚገባው ጥቅል ጎመን ተከትፎ በጨው መታሸት አለበት፤ ለአንድ ኪሎ ጎመን አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ በጨርቅ አጥብቆ መጭመቅ። ያልተጨመቀ ጎመን ውሃውን የሚለቀው ሊጡ ውስጥ ነው፣ ዳምፕሊንጉም መጥበሻው ላይ ይቀደዳል። አንዳንዶቹ ቤቶች የሳምቡሳ ምስር ይጠቀማሉ። ብቻውን ይደርቃል፤ ጎመንና ዝንጅብል ሲገባበት ግን እጅግ ጥሩ ነው።

ማጥቀሻው ሁለት እጅ ሶያ ሶስ፣ አንድ እጅ አቼቶና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ነው። ዳጣ የሚያቀርብ ቤት ከተገኘ ዳጣው ይመረጥ። የቃሪያው ትኩስነትና የቅመሙ ሽታ የሊጡን ድንዝዝነት ያነቃዋል፤ በከተማው ዳር ካሉት ፈጠራዎች ሁሉ ከዚህ የተሻለ የለም።

ባኦዚ ህብስት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በእንፋሎት የበሰለ፣ ሥጋ ወይም አትክልት በውስጡ የያዘ ዳቦ ነው። የሚበላሸውም እንደ ህብስት ነው። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሊጡ ቶሎ ይነፋል። እርሾው በሩብ ያህል ካልተቀነሰ ወይም የኩፍታው ጊዜ ካላጠረ፣ ተነፍቶ ተነፍቶ ከእንፋሎቱ ሲወጣ ይሟሽሻል። ፊቱ የተሸበሸበ ባኦዚ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው፣ አለዚያም እሳቱ እንደጠፋ ክዳኑ ወዲያው ተከፍቷል፤ ሦስት ደቂቃ መጠበቅ ነበረበት። ነጠብጣብ እርጥበት ያለበት ከሆነ ደግሞ ከብረት ክዳኑ ውሃ ተንጠባጥቦበታል። ክዳኑን በጨርቅ የሚያስሩ ቤቶች ይህ አይገጥማቸውም።

ኑድል ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በኪሊንጦና በቱሉ ዲምቱ በኩል የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስላሉ በየሱቁ የሚሠራው ኢንዶሚ በእንቁላል ነው። ኢንዶሚ መነሻው ኢንዶኔዥያ የሆነ ቶሎ የሚበስል ኑድል ነው፤ እሽጉ ላይ ሦስት ደቂቃ ቢልም እዚህ አራት ይሻላል። ቅመሙን መቀቀያው ውሃ ውስጥ ጨምረው ውሃውን የሚደፉ ቤቶች ጣዕሙን አብረው ይደፋሉ፤ ቅመሙ የሚገባው ውሃው ከተጠለለ በኋላ ነው። ዱከም ላይ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ለቻይና ሠራተኞች የሚያበስሉ ቤቶችን ስቧል፤ በእጅ የተዘረጋ ኑድል መፈለግ ያለበትም በዚያ አካባቢ ነው። ከቤቱ ውስጥ ሊጥ ጠረጴዛ ላይ ሲመታ ከተሰማ ጥሩ ምልክት ነው።

ጥብስ ኑድል ከሆነ ብዛቱን ይመልከቱ። የቤት ቡታጋዝ እሳቱ ደካማ ስለሆነ አንድ መጥበሻ ከሁለት ሰው ትዕዛዝ በላይ አይችልም። የአራት ሰው አንድ ላይ ከተገለበጠ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ጎመኑና ካሮቱ ውሃ ይለቃሉ፣ ጥብስ የተባለው ቅቅል ሆኖ ይመጣል። በቡድን የሚሄዱ ሰዎች ሳህኖቹ ተራ በተራ እንዲወጡ ቢጠይቁ ይሻላቸዋል። ሌላው ስህተት በርበሬ ነው። በርበሬ የቁሌት ቅመም ነው፤ ቀስ ያለ እሳትና እርጥበት ይወዳል። በጋለ ደረቅ መጥበሻ ላይ ሲበተን በሰከንዶች ውስጥ አርሮ ይመራል። የሚያውቁት ቤቶች መጨረሻ ላይ አዋዜ ያዞሩበታል፣ ወይም የጋለ ዘይት ጥቂት በርዶ ሚጥሚጣ ላይ የፈሰሰበትን የቃሪያ ዘይት ያቀርባሉ።

ስፕሪንግ ሮል ሲታዘዝ ዘይቱን ማየት ይበቃል። የጠቆረ፣ አረፋ የሚያበዛና ሳይግል የሚጨስ ዘይት ብዙ ቀን ሠርቷል። በፓልም ዘይት የተጠበሰ ነገር በአያት ብርድ ማታ ቶሎ ካልተበላ ዘይቱ ይረጋና ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ጥብስ ሩዝ የሚያምረው ትናንት ተቀቅሎ ፍሪጅ ባደረ ሩዝ ነው። ማደሪያው ፍሪጅ ካልሆነ ግን ሩዙን መተው ይሻላል፤ ክፍል ሙቀት ላይ ባደረ ሩዝ የሚራባው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ድጋሚ በመጥበስ አይጠፋም።

መብራት በሚጠፋበት ቀን ፍሪጅ የሚፈልገውን ትቶ ከሊጥና ከአትክልት የሚሠራውን ማዘዝ ያዋጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ደግሞ የእጅ መታጠቢያው ከሮቶ የሚቀዳ መሆኑን መመልከት ነው።

በጾም ወቅት መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። የዳምፕሊንግ ሊጥ ብዙውን ጊዜ ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው፣ አንዳንድ ኑድል ግን እንቁላል አለው። ኦይስተር ሶስ ከባሕር እንስሳ ይሠራል፤ አትክልት ብቻ ነው የተባለ ጥብስ ውስጥም ይገባል። መጥበሻውና ዘይቱ ከሥጋው ጋር የጋራ መሆኑንም ይጠይቁ። ለቻይና ሠራተኞች በሚያበስሉ ቤቶች የአሳማ ሥጋ የተለመደ የዳምፕሊንግ ውስጥ ስለሆነ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይጠይቅ አያዝዝ። ጥያቄው «አሳማ አለው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «በአሳማ ስብ ነው ወይ የሚጠበሰው?» ጭምር መሆን አለበት።

ሻይ ላይ ትንሹ ቤት ትልቁን ሊያስንቅ ይችላል። ጥቁር ሻይ የፈላ ውሃ ይፈልጋል፤ በ92 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለአፍታ የተነከረ ከረጢት ቀለም እንጂ ጣዕም አይሰጥም። የህንድ ዓይነቱ የወተት ሻይ ግን እሳት ላይ ስለሚፈላ ለእኛ ከፍታ ይመቸዋል፣ እንደ ውሽውሽ ያለው ደቃቅ የአገር ውስጥ ቅጠልም ለዚህ የተስማማ ነው። ለአንድ ሊትር፣ 600 ሚሊ ሊትር ውሃ ከአውራ ጣት በምታህል የተቀጠቀጠች ዝንጅብልና ከአምስት ፍሬ ሄል ጋር አምስት ደቂቃ ይፈላል፣ ሦስት ሙሉ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ገብቶ ሦስት ደቂቃ ይጨመርለታል፣ 400 ሚሊ ሊትር ወተት መጨረሻ ላይ ይገባና አንዴ ገንፍሎ ይወርዳል። በሄል ፈንታ ኮረሪማ የሚጠቀም ቤት ሁለት ሦስት ዘር ቢቀጠቅጥ ይበቃዋል፤ ኮረሪማ ከበዛ ሻዩን የወጥ ሽታ ያለብሰዋል። ወተቱ የተቋጠረ ሻይ የቀረበለት ሰው ወተቱ ተበላሽቷል ብሎ ከመቆጣቱ በፊት ዝንጅብሉ መቼ እንደገባ ይጠይቅ። ጥሬ ዝንጅብል ወተትን የሚያረጋ ኤንዛይም አለው፤ አስቀድሞ በውሃ ካልፈላ ትኩስ ወተትም ይቋጠራል።

አረንጓዴ ሻይ ደግሞ የከፍታ ችግር የለበትም፤ ከ75 እስከ 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይበቃዋል። ከመረረ ውሃው አሁን ከእሳት ወርዶ ተጨምሮበታል፣ ወይም ቅጠሉ ከሦስት ደቂቃ በላይ ተዘፍዝፎ ቆይቷል። ባዶ ሙቅ ውሃ ለብቻ ማዘዝና ከረጢቱን በራስ እጅ ነክሮ ማውጣት ቀላሉ መላ ነው።

ከታይዋን የመጣው ባብል ቲ የሚጠጣው ለታፒዮካ ድብልብሎቹ ነው፤ ታፒዮካ ከካሳቫ ሥር የሚወጣ ስታርች ነው። ድብልብሉ ለስልሶ መሐሉ ትንሽ ማኘክ የሚፈልግ መሆን አለበት። እዚህ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቀቀል፣ ከዚያም ተከድኖ ማረፍ ይፈልጋል። ከአራት ሰዓት በኋላ ይጠጥራል፣ ፍሪጅ ከገባ ደግሞ ፈጥኖ ይደርቃል። ስለዚህ «ዛሬ ስንት ሰዓት ተቀቀለ?» ማለት ነውር የለውም። መልስ የማይሰጥ ቤት ከሆነ ያለ ድብልብሉ ማዘዝ ይበቃል።

ይዞ ለመሄድ ዳምፕሊንግ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ በራሱ እንፋሎት ይረጥባል፤ ክዳኑ እንዲበሳ ወይም ገርበብ እንዲል ይጠይቁ፣ ማጥቀሻውም ለብቻ ይታሰር። ትኩስ ኑድል በስስ ፌስታል አይያዝ። የወተት ሻዩን በራሳቸው ፔርሙዝ የሚያስቀዱ ሰዎች ከአያት ቤታቸው እስኪገቡ ትኩሱን ያገኙታል፤ ዝንጅብሉና ቅጠሉ ግን መጠለል አለባቸው፣ ፔርሙዝ ውስጥ ከቀሩ ሻዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመራል።