ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ከ11 ወር በኋላ፦ የቀየርኩትና እንዳለ የተውኩት

ይህን ላፕቶፕ የገዛሁት በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታና ቅዳሜ ደግሞ የጥቂት ሱቆችን ሒሳብ እይዛለሁ። ስለዚህ ከማሽኑ የምፈልገው ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም፣ ኤክሴልን እና ግብር ለማሳወቅ የምከፍተውን ብሮውዘር አንድ ላይ ሳይንገዳገድ እንዲያሠራኝ፣ መብራት ሲጠፋም ሥራዬን በግማሽ እንዳያስቀርብኝ ብቻ ነበር። አዲስ ለመግዛት አስቤ ጠይቄ ነበር፤ ነገር ግን በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ነጋዴዎቹ «ስላይትሊ» ወደሚሉት ወደ ያገለገለው ፊቴን አዞርኩ። ዋጋው በየወሩ ስለሚለዋወጥ የከፈልኩትን ብር መጻፉ አንባቢን ከማሳሳት በቀር አይጠቅምም፤ በዚያው ሰሞን ከጠየቅኩት ተመጣጣኝ አዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ከግማሽ በታች እንደነበር መግለጹ ይበቃል።

ቲንክፓድ ቲ480 በሌኖቮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ለገበያ የቀረበ፣ ባለ 14 ኢንች የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ነው። እኔ የገዛሁት ኮር አይ5 8250ዩ የተባለው ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) እና 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ያለው ነበር። ከሌሎቹ ያስመረጠኝ የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። እዚህ ላይ ገዢ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ምክንያቱም የቀድሞው ቲ470 በመልኩ ከቲ480 ጋር መንትያ ሊባል የሚችል ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ግን ባለ ሁለት ኮር የ6ኛ ወይም የ7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው። ክዳኑን አይቶ ከመወሰን ይልቅ ማሽኑን አስነሥቶ የፕሮሰሰሩ ቁጥር በ8 መጀመሩን ማንበብ ይሻላል።

ሌላው የመረጥኩበት ምክንያት እየከፈቱ ሊያሻሽሉት የሚቻል መሆኑ ነው። በሁለቱም የራም ማስገቢያዎች ላይ ራሙን ነቅሎ መቀየር ይቻላል፤ በሚቀጥለው ዓመት በወጣው ቲ490 ላይ ግን አንደኛው ራም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ባትሪውም ሁለት ሲሆን፣ አንዱ በውስጥ የተገጠመ፣ ሌላው ደግሞ ከጀርባ በእጅ የሚነቀል ነው።

ሱቁ ውስጥ ሳለሁ ማሽኑ ሲነሣ ኤፍ1ን ተጭኜ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) የይለፍ ቃል አለመጠየቁን አረጋገጥኩ። ከውጭ ድርጅቶች የሚሰበሰቡ ላፕቶፖች አንዳንዴ ተቆልፈው ይመጣሉ፤ በዚህ ሞዴል ዋናው የባዮስ ይለፍ ቃል ከጠፋ አምራቹ የሚያቀርበው መፍትሔ ቦርዱን መቀየር ብቻ ስለሆነ፣ ይህች የግማሽ ደቂቃ ፍተሻ ከሌላው ሁሉ ትቀድማለች። ባትሪውን ግን ሻጩ «አራት ሰዓት ይይዛል» ስላለኝ ብቻ አምኜ ወጣሁ። ማታ ቤት ገብቼ ዊንዶውስ ራሱ የሚያዘጋጀውን የባትሪ ዘገባ ሳወጣ፣ አዲስ ሳለ 24 ዋት-ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል መለኪያ) የነበረው የውጭው ባትሪ 9 ብቻ እንደቀረው፣ የውስጡም ወደ 16 እንደወረደ አየሁ። ያን ዘገባ እዚያው ባንኮኒው ላይ ባወጣው ኖሮ ለዋጋ ክርክር ጥሩ መነሻ ይሆነኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሰልቺ ነበሩ። ማሽኑ ተነሥቶ እስኪረጋጋ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ የአንዱን ሱቅ መዝገብ በፒችትሪ ለመክፈትም ሦስት ደቂቃ ያህል እጠብቅ ነበር። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው እኔም «ራም አንሶት ነው» ብዬ ፈረድኩና ሌላ 8 ጊጋ ገዝቼ በባዶው ማስገቢያ ላይ አስገጠምኩ። ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የሚያሳፍረው፣ የዊንዶውስን የሥራ መከታተያ መስኮት (ታስክ ማናጀር) ከፍቼ ማየት የነበረብኝ ከመክፈሌ በፊት ሲሆን ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ መሆኑ ነው። ዲስኩ ለረጅም ጊዜ መቶ በመቶ ተይዞ ይቆያል፤ ራሙ ግን ቀድሞውንም ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት የሃርድ ዲስኩን አሠራር ማሰብ ይበቃል። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ አንባቢው ክንድ ወደሚፈለገው ቦታ እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ሲጨመርበት፣ በሰከንድ ውስጥ ከተለያየ ቦታ ሊያነብ የሚችለው ከመቶ ጊዜ በታች ነው። አንድ ትልቅ ፊልም በተከታታይ ሲነበብ ይህ ድክመት አይታወቅም፤ ፒችትሪ ግን ደንበኛውን፣ ዕቃውንና እያንዳንዱን የሒሳብ እንቅስቃሴ በልዩ ልዩ ፋይሎች ስለሚያስቀምጥ፣ አንድ ሪፖርት ለማውጣት ክንዱን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሰው ይውላል። መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ኤስኤስዲ የተባለው ማከማቻ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ መጠበቅ ከነአካቴው ይቀራል።

በመጋቢት ወር «ሳታ» የሚባለውን ዓይነት ባለ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ ገዝቼ ራሴው ቀየርኩት። ማሽኑ ፈጣኑን የኤንቪኤምኢ ዓይነትም ይቀበላል፤ ለዚያ ግን የተለየ መያዣና ኬብል መፈለግ ስለሚያስፈልግና ለእኔ ሥራ በሁለቱ መካከል የሚሰማ ልዩነት ስለማይኖር፣ በነበረው ኬብልና መያዣ ላይ የሚገጥመውን መረጥኩ። ለሚሞክር ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ የጀርባው ባትሪ ቢነቀልም የውስጡ ኃይል እየሰጠ ስለሚቆይ፣ ከመክፈት በፊት በባዮሱ ውስጥ የውስጥ ባትሪውን የሚያጠፋውን ምርጫ መጠቀም ግድ ነው። ዛሬ ማሽኑ በ20 ሰከንድ ውስጥ ለሥራ ይዘጋጃል፤ ያው የሱቅ መዝገብም ከ15 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ይከፈታል። ያ በችኮላ የገዛሁት ራም ጥቅም የሰጠኝ ከዚህ በኋላ፣ ፒችትሪና ብሮውዘሩ ተከፍተው እያሉ በዙም ስሰበሰብ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ ዱባይ የምትሠራ እህቴ ለእረፍት ስትመጣ ትልቁን ባለ 72 ዋት-ሰዓት አመጣችልኝ። ለቲ450 እና ለቲ460 የሚሆነው ባትሪ በመልኩ ስለሚመሳሰል፣ እንዳትሳሳት የነባሩን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቼ ልኬላት ነበር። አሁን የስክሪኑን ብርሃን መጠነኛ አድርጌ ስሠራ ከስምንት ሰዓት በላይ ያቆየኛል፤ በሰፈራችን መብራት ከሰዓት ሄዶ ማታ በሚመለስባቸው ቀናት ቻርጀሩን አላስበውም። የውጭው ባትሪ ቀድሞ እንዲያልቅ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ሲያልቅ ማሽኑን ሳላጠፋ ነቅዬ ሌላ መተካትም እችላለሁ፤ የተዳከመችውን አሮጌ ባትሪ ለዚሁ ብዬ በቦርሳዬ ይዣታለሁ። ጉዳቱ ክብደት መጨመሩና ባትሪው ከሥር ወጣ ብሎ የላፕቶፑን ጀርባ ከፍ ማድረጉ ነው። ለመተየብ እንዲያውም ተመችቶኛል፤ ጭን ላይ ግን ይቆረቁራል።

በክረምቱ ደግሞ ማራገቢያው ያለ ምክንያት መጮኽ ሲጀምር ቴክኒሻን ዘንድ ወስጄ አቧራውን አስጠረግኩ፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም አስቀየርኩ። በከባድ ሥራ ጊዜ ከ90 ዲግሪ በላይ ይወጣ የነበረው ሙቀት ወደ 76 ወረደ። በሶፍትዌር በኩል መዘንጋት የሌለበት የተንደርቦልት ፈርምዌር (ፈጣኑን የዩኤስቢ-ሲ ወደብ የሚቆጣጠር ውስጣዊ ፕሮግራም) ማሻሻያ ነው፤ አምራቹ ከ2017 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ለወጡ ቲንክፓዶች ይህን ማሻሻያ እንደ አስቸኳይ አድርጎ ያወጣው፣ ካልተሻሻለ የዩኤስቢ-ሲ ወደቡ ሥራ ሊያቆም ስለሚችል ነው። ማሽኑ ቻርጅ የሚደረገውም በዩኤስቢ-ሲ ወደቦቹ ስለሆነ ገና በገዛሁበት ሳምንት ጫንኩት።

ስክሪኑን አልነካሁትም። የእኔው 1920 በ1080 ስለሆነ የኤክሴል ሰንጠረዥ በሰፊው ያሳየኛል፤ ከዚሁ ሞዴል 1366 በ768 የሆነም ስለሚሸጥ፣ በሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው ርካሽ ነው ብሎ እንዳይወስደው እመክራለሁ። ብርሃኑ ግን ደካማ ነው፤ በረንዳ ላይ በቀን ለመሥራት ሞክሬ ትቼዋለሁ። ድምፁ ቀጭን፣ ካሜራውም ደብዛዛ ነው። ኪቦርዱ ለዚህ ሁሉ ይክሳል፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስመታበት ውዬ ጣቶቼ አይደክሙም።

ለኤስኤስዲው፣ ለራሙ፣ ለባትሪውና ለጽዳቱ ያወጣሁት ሲደመር ማሽኑን ከገዛሁበት ዋጋ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሆናል። እንደገና ብጀምር በመጀመሪያው ቀን ኤስኤስዲውን፣ ቀጥሎ ባትሪውን እገዛና ራሙን እስከ ወር መጨረሻ አቆየው ነበር። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ሰው ግን የግራፊክስ አቅሙ ስለማይበቃ ይህን ማሽን አልመክርም።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ በርካሽ የዩኤስቢ መያዣ ውስጥ አስገብቼ፣ ዓርብ ማታ ማታ የየሱቁን ሒሳብ መጠባበቂያ ቅጂ አኖርበታለሁ። ለዚህ ሥራ መዘግየቱ ምንም አይጎዳኝም፤ ቅጂውን አስጀምሬ ቡና አፈላለሁ።