ጣሊያን በጎንደር፣ አፓርታይድ በደቡብ አፍሪካ፦ የቱ የበለጠ አከሰረ?

ጎንደር ፒያሳ ፖስታ ቤቱ ጋ ቆም ብላችሁ ዙሪያውን እዩ። ሕንፃው የጣሊያን ነው። ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዙ የነጩን ሰፈር ከሐበሻው ለይተው ነደፉ። ግን ስሌቱ አልሠራም። የቀን ሠራተኛ ሳይቀር ከአገራቸው በመርከብ አስመጡ፤ ደመወዙም ከሐበሻው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የሮማ ካዝና አልቻለውም። ብዙዎቹን መልሰው በአገሬው ሰው ተኩ።

ደቡብ አፍሪካ ሌላ ታሪክ ነው፤ እዚያ ሰውን በዘር መለያየቱ ሥር ሰደደ፣ ኋላም አፓርታይድ ተባለ። እ.ኤ.አ. የ1913ቱ የመሬት ሕግ ለጥቁሩ ሕዝብ 7 በመቶ ገደማ ብቻ ተወለት፣ በ1936 ወደ 13 በመቶ ከፍ አለ። ሙያ የሚጠይቀው ሥራ ለነጭ ተከለለ። በ1953 ትምህርቱም ተለየ። ታዲያ ፋብሪካው ሲስፋፋ ባለሙያ ከየት ይምጣ? በዚያ ላይ ጥቁሩን ከከተማ አርቀው አሰፈሩት። ለጥቁሮች ከተከለለው ከክዋንደቤሌ ፕሪቶሪያ ከተማ ለሥራ የሚገባው ሰው ሌሊት ተነስቶ ሰዓታት አውቶቡስ ላይ ያንቀላፋ ነበር። የቲኬቱን ድጎማ መንግሥት ይከፍል ነበር። ሰውን አባርሮ ለመመለሻው መክፈል! ጉድ እኮ ነው።

በኔ እይታ የከፋው የደቡብ አፍሪካው ነው። ጣሊያን በአምስት ዓመት ተኩል ተባረረ፤ ፒያሳም ዛሬ የሁሉም ነው። እዚያ ግን ሕጉ ከተሻረ በኋላም የሰፈሩ ርቀትና የትራንስፖርቱ ወጪ አልተነቀለም።