ሙሉ ምሽት ለአንድ ቃል፦ በደሴ የተከታተልኩት የማታ እንግሊዝኛ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የቋንቋ ማሠልጠኛዎች በአንዱ ለቢሮ ሠራተኞች የሚሰጠውን የጽሑፍ እንግሊዝኛ ትምህርት ጨርሻለሁ። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ ለውጭ አጋሮቻችን የሚላከውን ሪፖርት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። እንደ እኔ በእንግሊዝኛ እየጻፈ እንጀራውን ለሚበላ ሰው ትምህርቱ ከተከፈለበት ገንዘብ በላይ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል አንድ ምሽት ያስረዳልኛል።

የዚያን ዕለት ቃል «ፕሪፖንደራንት» ነበር። ሌላ ቦታ ቢሆን «የበላይ» ተብሎ ከብዙ ቃላት ጋር በሰሌዳው ላይ ተሰልፎ ይታለፍ ነበር። መምህራችን ግን ከሥሩ ጀመሩ። «ፖንዱስ» በላቲን ክብደት ነው፤ ቃሉም በሚዛን ከሌላው ከብዶ መድፋትን ያመለክታል። ስለዚህ ከ«የበላይ» ይልቅ «አመዛኝ» ይቀርበዋል። ሲነገር ድምፁ የሚጠነክረው «ፖን» ላይ ነው።

«ታዲያ ከዶሚናንት በምን ይለያል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አብሽሪ፣ ወደዚያው እየሄድኩ ነው» አሉኝና በወሎ የተጣሉትን የሚያስታርቁትን ሽማግሌዎች፣ አበጋሮቻችንን፣ አነሡ። አበጋር ፖሊስም ወህኒ ቤትም የለውም፤ ነገር ግን ደም የተቃቡ ሰዎች ፊት ሲናገር ቃሉ ሚዛን ይደፋል። የእርሱ ተሰሚነት ፕሪፖንደራንት ነው። ዶሚናንት ግን «ዶሚኑስ»፣ ማለትም ጌታ፣ ከሚለው የመጣ በመሆኑ የአዛዥነት ሽታ አለው። ለዚህኛው ምሳሌ ፍለጋ ከወሎ አልወጡም፤ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው ውጫሌ ወሰዱን። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይችላሉ ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ኢጣሊያ የፈለገችው ሚዛን መድፋት ብቻ አልነበረም፤ ጌትነት ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። በልጅነታችን የሸመደድነው ታሪክ ለእንግሊዝኛ ሰዋስው እንዲህ ይጠቅማል ብሎ ማን አሰበ!

ከጎኔ የተቀመጠው የሕግ ባለሙያ ደግሞ የዚሁኑ ቃል የስም ቅርጽ፣ «ፕሪፖንደራንስ» የሚለውን፣ አነሣ። በአሜሪካ የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቅበት የማስረጃው ሚዛን ወደ እርሱ እንዲያጋድል ብቻ ነው፤ ጥቂት ማጋደሉም ይበቃል። መምህሩ ከዚህ ተነሥተው ቃሉ የት እንደሚኖር አሳዩን፤ በሕግ፣ በዲፕሎማሲና በታሪክ ጽሑፍ፣ ብዙ ጊዜም «ሚና»፣ «ተጽዕኖ»፣ «ኃይል» ከሚሉት ስሞች በፊት። ለደብዳቤና ለወሬ ይከብዳል። በሪፖርት ውስጥ «አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች ሴቶች ናቸው» ለማለት ቀላሉ ቃል እያለ ይህንን መጎተት አንባቢን ማድከም ነው አሉ። እኔም ይህን ምክር ቢሮዬ ውስጥ ሳልታክት እሰብካለሁ።

ጉድለትም አለው። የሚታደሉት ወረቀቶች ከኮፒ ላይ ኮፒ የተደረጉ ስለሆኑ አንዳንዱ መስመር አይነበብም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይቋረጣል፤ ማካካሻ የሚሰጠው ተማሪው ከጎተጎተ ብቻ ነው። የቤት ሥራ ደግሞ ታርሞ የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። ጽሑፍ ለማስተማር በተቋቋመ ክፍል ይህ ሊታለፍ አይገባም።

መናገር ለመለማመድ የሚፈልግ ሰው ሌላ ክፍል ይፈልግ፤ እዚህ የሚነገረው ጥቂት ነው። ለመጻፍ የሚመጣ ግን ሲመዘገብ እኒህን መምህር በስም ይጠይቅ፤ ተለዋጩን አስተማሪ አይቻቸዋለሁ፣ እርሳቸው የቃል ዝርዝር ያስገለብጣሉ።