ትሮምቦን ሲያንጎራጉር

ትሮምቦን፣ ያ ተንሸራታች ዘንግ ያለው ጥሩምባ፣ ሲባል ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚመጣለት የማርሽ ባንድ ነው። ይሄ አልበም ግን ሌላ ነው። አንድ ትሮምቦን፣ ከጀርባው ፒያኖ፣ በቃ። ዜማዎቹ ከየአገሩ የተለቀሙ ናቸው፤ የአየርላንድ እንጉርጉሮ አለ፣ የጃፓን እሹሩሩ አለ፣ የሩሲያ የፍቅር ዘፈን፣ የአርጀንቲና ታንጎም አለ።

ትሮምቦን እንደ ትራምፔት ቁልፍ እየተጫኑ የሚነፉት አይደለም፤ ተጫዋቹ ዘንጉን በ7 ቦታዎች መካከል ያንሸራትታል፣ ስለዚህ እንደ ሰው ድምፅ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ መሻገር ይችላል፣ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፣ መንሸራተቱ ትንሽ ከበዛ ዜማው ይዝረከረካል። የዚህ አልበም ተጫዋች ግን አላበዛውም። እሹሩሩው ላይ ያንን ረጅም ሐረግ በአንድ ትንፋሽ፣ ድምፁን እያሳነሰ ሲጨርሰው፣ ወይ ጉድ! ሰውየው ሳንባው ስንት ነው?

ታንጎው ግን አልተዋጠልኝም። ታንጎ ቆረጥ ቆረጥ ማለት አለበት፣ እዚህ ሁሉም ነገር ለስልሶ ቀረ። ፒያኖውም ቀረጻው ላይ በጣም ርቋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል።

ቢሆንም ግዙት። ብቻ በስልክ ስፒከር እንዳትሰሙት፣ የታችኛውን ድምፅ ይበላዋል። ደህና ማዳመጫ አድርጉና ከእሹሩሩው ጀምሩ፣ ታንጎውን ዝለሉት።