የጀሞውን ቤት ሸጠን የሰሚቱን የገዛንበት መተግበሪያ

እናቴ ጀሞ አንድ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየሟን ሸጣ እኔ ወደምኖርበት ወደ ሰሚት ለመጠጋት ስትወስን፣ ጉዳዩን ለሰፈር ደላላ ከመስጠት ይልቅ በቅርብ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ከበዙት የቤት መሸጫና መግዣ መተግበሪያዎች አንዱን ለመሞከር ተስማማን። አንዱን ቤት ሸጠንበታል፣ ሌላውን ገዝተንበታል፤ በመሆኑም አገልግሎቱን በሻጭም በገዢም ዓይን አይቼዋለሁ። ስሙን የማልጠቅሰው፣ ከማነሳቸው ቅሬታዎች አብዛኞቹ በተመሳሳይ መተግበሪያዎችና በቴሌግራም የቤት ሽያጭ ቻናሎች ላይም ያየኋቸው ስለሆኑ አንዱን ብቻ ለይቶ መውቀስ ፍትሐዊ ስላልመሰለኝ ነው።

ከአገልግሎቱ ሁሉ የተሻለው የቤቱ አቀራረብ ነው። በተመዘገብን በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የምትቀመጥ፣ ብርቱካን የምታክል ካሜራ ይዞ መጣ። ካሜራዋ ዙሪያውን በአንድ ጊዜ ስለምታነሳ በክፍሉ ውስጥ ሰው መታየት የለበትም፤ ስለዚህ ማቆሚያውን ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ማድ ቤት ባዛወረ ቁጥር ሦስታችንም ተከታትለን በር ጀርባ እንደበቅ ነበር። እናቴ ቡና እያፈላች ስለነበር «ልጄ፣ ጀበናውን ላንሳልህ?» ብትለው «ይቀመጥ እማማ፣ ቤቱ ሰው የሚኖርበት ይመስላል» አላት። ዛሬም ከእነዚያ ምስሎች የተሠራውን፣ በቤቱ ውስጥ የሚያዘዋውረውን ጉብኝት በስልኩ ለሚከፍት ሰው ረከቦቱ ከነሲኒው በሳሎኑ ጥግ ይታየዋል፤ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ዞር ካለም በመስታወቱ ውስጥ የእናቴን የነጠላ ጥለት ያያል።

ይህ ጉብኝት ጌጥ ብቻ አይደለም። ቀድሞ ቤት ለመሸጥ የፈለገ ሰው ቅዳሜና እሑድ በሩን ከፍቶ፣ ለመግዛት የመጣውንም ለማየት ብቻ የመጣውንም እኩል ማስተናገድ ነበረበት። እኛ ግን በአጠቃላይ አራት ጎብኚዎችን ብቻ ነው በአካል የተቀበልነው፤ አራቱም የክፍሎቹን አቀማመጥ አስቀድመው አጥንተው፣ አልጋቸው የት እንደሚሆን ወስነው የመጡ ነበሩ። በመጨረሻ የገዛን ሰው ዱባይ የሚሠራ ሲሆን፣ ቤቱን ራሱ የረገጠው አንድም ቀን የለም፤ ጉብኝቱን ደጋግሞ ካየ በኋላ ወንድሙን ልኮ አስመረመረ። ለማየት የፈጀበት አንድ ምሽት ነው። ወንድሙ እንዲፈርምለት የሚያስችለው ውክልና ግን በቆንስላ ተረጋግጦ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ጠብቀናል።

ጉብኝቱ የማያሳየውን የተማርኩት ግን በተራችን ገዢ ስንሆን ነው። ሰሚት ላይ መጀመሪያ የወደድነው ቤት በምስሉ ብርሃን የሞላበት ነበር፤ ስንደርስ ከሥሩ ያለው ምግብ ቤት ጄኔሬተር በመኝታ ቤቱ መስኮት ትይዩ ተተክሏል። በሌላው ቤት የመታጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ አዲስ ቀለም ተቀብቶ በምስሉ ያበራ ነበር፤ እጄን ሳሳርፍበት ግን እርጥበቱ ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዘዴ ያዝኩ፤ ከመሄዴ በፊት ሻጩን በቪዲዮ ደውዬ ቧንቧውን እንዲከፍትልኝ፣ የሽንት ቤቱን ውኃ እንዲለቅልኝና በረንዳ ላይ ያለውን ሮቶ እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ። ለምን ብሎ የሚያንገራግር ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ሰጥቶኛል። እናቴ በጀሞ ዘመኗ ውኃ የሚመጣበትን ሌሊት እየጠበቀች በርሜል ስትሞላ ስለኖረች፣ ለእርሷ ይህ ከሳሎኑ ስፋት የሚቀድም ጥያቄ ነበር።

የመተግበሪያው ደካማ ክፍል «የዋጋ ግምት» ብሎ ያስቀመጠው ነው። ሰፈሩን፣ ካሬውንና የመኝታውን ብዛት ስናስገባ ለእናቴ ቤት 7.6 ሚሊዮን ብር ሰጠ፤ የሸጥነው በ6.8 ሚሊዮን ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለመገመት የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ግምቱ የሚሠራው ሻጮች ከጠሩት ዋጋ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የተጠራ ዋጋ የክርክር መነሻ እንጂ የሽያጭ ዋጋ አይደለም። በውል ላይ የሚጻፈው ዋጋም ቢሆን ግብርንና ክፍያን ለመቀነስ ዝቅ ተደርጎ እንደሚሞላ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ፣ እውነተኛው ዋጋ በሁለቱ ማህል፣ በተዋዋዮቹ ትዝታ ውስጥ ብቻ ይቀራል። በዚያ ላይ መተግበሪያው ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ እንኳ አይጠይቅም፤ አሳንሰር በሌለው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ደረጃ ዋጋ እንደሚቀንስ የትኛውም ደላላ ያውቃል። የሽያጭ ዋጋ በብዙ ቦታ በይፋ በሚመዘገብበት በአሜሪካ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የቤት ግምት ሲያወጣ የኖረው ዚሎው የተባለው ኩባንያ ቤቶችን ራሱ እየገዛ የሚሸጥበትን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ዋጋን አስቀድሞ መተንበይ አልሆነልኝም ብሎ ዘግቶታል። እውነተኛ የሽያጭ ዋጋ መዝገብ በሌለበት አገር ከስልክ የሚወጣ ቁጥር ከዚያ የተሻለ ይሆናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን «የተረጋገጠ» የሚለው አረንጓዴ ምልክት ነው። ምን እንደተረጋገጠ ደውዬ ስጠይቅ፣ ባለቤቱ የካርታውን ፎቶ መላኩ ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ። ካርታ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ማወቅ ሌላ ነው፤ ይህ ደግሞ አሁንም የሚታወቀው ይዞታው የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ተሂዶ ነው። ከዚህም በላይ፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ኮንዶሚኒየሙን ለአምስት ዓመት መሸጥ እንደማይችል እየታወቀ፣ ጊዜው ሳይሞላ፣ ስሙ ሳይዛወር ለገዢው ውክልና ብቻ እየተሰጠ «በውክልና» የሚሸጡ ቤቶች ከባለ ነፃ ካርታዎቹ ጋር ተደባልቀው፣ ያው አረንጓዴ ምልክት ተለጥፎባቸው አይቻለሁ። በውክልና የገዛ ሰው ውክልናው ቢሻር ወይም ወካዩ ቢሞት በእጁ የሚቀረው ምን እንደሆነ መተግበሪያው አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በኮምፒውተር የወጣው የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ መሰረዙንና በኅዳር 2015 እንደገና መውጣቱን የሚያስታውስ የከተማው ነዋሪ፣ ስክሪን ላይ የሚታይን ምልክት ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይከፍልም ብዬ አምናለሁ።

ደላላው ቀርቷል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። «በቀጥታ ከባለቤቱ» የሚል ጽሑፍ ካለባቸው አሥራ አራት ቤቶች ላይ ደውዬ በዘጠኙ ስልኩን ያነሳው ደላላ ነበር፤ አምስቱ ቤቶች ደግሞ ከተሸጡ ወራት አልፏቸዋል። አንዱን ቤት ሦስት ሰዎች በሦስት የተለያየ ዋጋ አውጥተውት፣ ከሦስቱም ፎቶ ላይ ያው ቀይ መጋረጃ ይታያል። ሆኖም በመጨረሻ የገዛነውን የምድር ቤት ያገኘልን ከነዚሁ ደላሎች አንዱ መሆኑን መደበቅ አልፈልግም፤ እናቴ ጉልበቷን እንደሚያማት ሰምቶ፣ ገና ያልወጣ ቤት እንዳለ የነገረን እርሱ ነው። ባለሙያነቱን መተግበሪያው አልተካለትም፤ የደንበኛ መዝገብ ሆነለት እንጂ።

በኮሚሽን በኩል ግን ተጠቃሚ ሆነናል። በተለምዶ ደላላ ከየወገኑ የሚጠይቀው ሁለት በመቶ ሲሆን መተግበሪያው ከሻጩ አንድ በመቶ ብቻ ወስዷል፤ የፎቶ ማንሻውም በዚያው ውስጥ የተካተተ ነው።

ስለ ውሉም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መተግበሪያው ሻጭና ገዢ በስልካቸው በጣታቸው የሚፈርሙበት «ዲጂታል ስምምነት» ያቀርባል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ ስለሆነም ይህ ስምምነት ቢበዛ የቀብድ ማስረጃ ነው። በዚያም ላይ ስምምነቱ ገዢው ሐሳቡን ከለወጠ ቀብዱ እንደማይመለስለት በደማቁ ሲጽፍ፣ ሻጩ ከለወጠ ግን፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ፣ እጥፉን እንዲመልስ ሕጉ ማዘዙን ዘሎታል። ይህን ሐረግ እንዲጨምሩልን ጠይቀን በሁለተኛው ቀን ጨምረውልናል፤ ይህም ለደንበኞች አገልግሎታቸው የሚቆጠር ነው። ዋናውን ውል ውልና ማስረጃ ሄደን የፋይዳ ቁጥራችን ተመዝግቦ፣ የጣት አሻራችን ተወስዶ፣ ገንዘቡ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ተረክቦ ጨረስን፤ እናቴ ከፊርማው በፊት ሲፒኦውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች።

ቤት ለሚሸጥ ሰው፣ በተለይ ገዢው ውጭ አገር ሊሆን ይችላል ብሎ ለሚያስብ፣ ይህን አገልግሎት ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ለገዢ ግን ከሁለት በላይ አልሰጥም፤ ሰፈር ለማወዳደርና ማየት የማይገባውን ቤት አስቀድሞ ለመጣል ይጠቅማል፣ ከዚያ ያለፈው ሥራ የራሱ የገዢው ነው። የተሸጡ ቤቶችን በጊዜው ቢያነሱና ነፃ ካርታ ያለውን በውክልና ከሚሸጠው ቢለዩ ብቻ ነጥቡን ከፍ አደርገው ነበር። የእናቴ የጀሞ ቤት ከተሸጠ አምስት ወር ሆኖታል፤ ማስታወቂያው ከነረከቦቱ እስካሁን አልወረደም፤ ባለፈው ሳምንትም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ደውሎ ቤቱ አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። «ተሽጧል ልጄ» አለችው፤ ቀጥላም «ውኃው ማታ ማታ ነው የሚመጣው» አለችው።