ወፍራሙ ፊደል በባሕር ዳር ታፔላ ላይ

ጊዮርጊስ አካባቢ ስላለው ታፔላ ሠሪ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ ልጻፈው። የአሳ ቤታችንን ላይት ቦክስ (ከውስጡ መብራት ያለውን ታፔላ) የሠራልን እሱ ነው። ባጭሩ እጁ ወርቅ ነው፣ ቀጠሮው ግን አያስተማምንም። ነገ ካላችሁ ሳምንት በሉት።

እሱን የመረጥነው ለዚያ ወፍራም፣ ጠርዙ ሁሉ ለተድበለበለው የድሮ ዘመን ፊደሉ ነው። መነሻው ኩፐር ብላክ ይባላል። ኦስዋልድ ኩፐር የሚባል የቺካጎ ሰው ሳለው፣ ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የተባለው የፊደል ማምረቻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1922 ለገበያ አወጣው። የማስታወቂያው ዓለም ወደደው። ተፎካካሪዎችም ዝም አላሉም፤ ሞኖታይፕ የኩፐርን የራሱን አስተማሪ ፍሬድሪክ ጉዲን ይዞ በ1925 ጉዲ ሄቪፌስ የሚል አምሳያ አወጣ (መምህር ከተማሪው ሲኮርጅ አስቡት!)። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ጽሑፍ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ፊደል እየለቀሙ ማዘጋጀት ቀርቶ በፎቶና በሚለጠፍ ፊደል መሠራት ሲጀምር ኩፐር ብላክ እንደገና ነገሠ። ኢዚጄት አውሮፕላኖች ላይ የምታዩት ጽሑፍም እሱው ነው።

ታፔላ ሠሪው ልጅ ታዲያ ይህን መልክ ለአማርኛ በእጁ ነው የሚስለው። ሌሎቹ ቤቶች ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፎንት ዙሪያውን መስመር እየጨመሩ ያወፍሩትና ጨረስን ይላሉ፤ እንደዚያ ሲሆን የፊደሉ ክፍተት ሁሉ ይደፈናል። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ያሳየን ናሙና ላይ የ«ቤ» ቀለበት ተደፍኖ ከሩቅ «አሳ ቢት» ይነበብ ነበር። ስንነግረው አልተከራከረም። ቀለበቱን ከፈት፣ እግሩን ቀጠን አድርጎ እንደገና ሳለው። በዘንባባዎቹ መሀል በባጃጅ ሽው ለሚል ሰው ይቺ ትንሽ ቀዳዳ ቀላል ነገር አይደለችም።

ያልወደድኩት ፊደሎቹን በጣም ማጠጋጋቱን ነው። ለላቲኑ ያምርበታል፣ የእኛ ፊደል ግን ጎን ለጎን ቅጥያ ስላለው ትንፋሽ ይፈልጋል። ይህን ቀድማችሁ ንገሩት።

ለአንድ ቀን ባነር ከሆነ እሱ ጋ አትድከሙ፤ ዋጋውም ጊዜውም አያዋጣም። ለቋሚ ታፔላ ግን ሂዱ። ግማሹን ብቻ ክፈሉ፣ ቀሪውን ማታ መብራቱ በርቶ ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ ካነበባችሁት በኋላ ስጡት፤ ነጩ ብርሃን ፊደሉን የበለጠ ያወፍረዋል።