ፒቢኦ የተጨመረበት አጎበር በሸዋ ሮቢት፦ የተጠቃሚ ግምገማ

ሸዋ ሮቢት በሚገኘው ቤታችን ፒቢኦ (ፒፐሮኒል ቡቶክሳይድ፣ የፀረ ተባይን ኃይል የሚያጠናክር ኬሚካል) የተጨመረበትን አጎበር ሰቅለን ወባ በሚበረታበት ወቅት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ተጠቅመንበታል። ከቀድሞው አጎበር በመልክ እምብዛም አይለይም፤ ልዩነቱ ያለው ክሩ በያዘው ኬሚካል ላይ ስለሆነ ጥቅሙን በትክክል ለመመዘን የትንኟን ዘረመል መመልከት ያስፈልጋል።

በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አራቢየንሲስ፣ ሳይቶክሮም ፒ450 የሚባሉ መርዝ የሚያፈራርሱ ኢንዛይሞች አሏት። የእነዚህ ኢንዛይሞች ጂኖች ከትንኝ ትንኝ ይለያያሉ፤ አንዳንዷ ኢንዛይሙ በብዛት እንዲመረት የሚያደርግ ለውጥ ትወርሳለች፣ በሌላዋ ደግሞ የኢንዛይሙ ቅርጽ ራሱ ለሥራው ይበልጥ የተመቸ ይሆናል። እንዲህ ያለችው ትንኝ የተለመደው አጎበር የተነከረበትን ፓይረትሮይድ የተባለ ፀረ ተባይ ነርቧ ዘንድ ሳይደርስ ታከሽፈዋለች። በቤትና በሽንኩርት ማሳ የሚረጨው ፀረ ተባይ ሌሎቹን እየገደለ እነዚህን ስለሚያስተርፍ ዘራቸው እየበዛ ይሄዳል። ፒቢኦ ኢንዛይሙን ሥራ በማስፈታት ለፓይረትሮይዱ ኃይሉን ይመልስለታል፤ የአጎበሩ ትልቁ ብልጫም ይኸው ነው።

ሆኖም ኬዲአር የተባለው ዘረመላዊ ለውጥ፣ በኢትዮጵያ ትንኞች ላይ በተደጋጋሚ የተገኘው፣ ፓይረትሮይዱ የሚያርፍበትን የነርቭ ክፍል ራሱን የሚለውጥ በመሆኑ ፒቢኦ አይፈታውም። በተጨማሪም ፒቢኦ በአጠባና በጊዜ ብዛት ይመናመናል፤ አጎበሩን በበረኪና ማጠብና ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ፒቢኦው በጣሪያው ላይ ብቻ የሆነ አጎበርም አለ፤ ትንኟ የተኛውን ሰው ሽታ ተከትላ በብዛት የምታርፈው ጣሪያው ላይ ስለሆነ ይህ ምክንያት የሌለው አሠራር አይደለም፤ እኔ ግን ልጆች ለሚተኙበት አልጋ ሁሉም ጎኑ የተነከረውን እመርጣለሁ። አራቢየንሲስ ከቤት ውጭና ገና በምሽት የመንከስ ልማድ ስላላት፣ ማሽላ ጥበቃ ደጅ የሚያመሽ ሰው ከዚህ አጎበር የሚያገኘው ጥበቃ አነስተኛ ነው።

ምርጫ ላለው ሰው ፓይረትሮይድንና ክሎርፌናፒር የተባለውን ሌላ ፀረ ተባይ ያጣመረውን አጎበር አስቀድማለሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ፓይረትሮይድ ብቻ ካለው ይልቅ እንዲመረጥ በጥብቅ መክሯል። ክሎርፌናፒር ወደ ገዳይነት የሚለወጠው በእነዚያው ፒ450 ኢንዛይሞች አማካይነት በመሆኑ፣ ትንኟን ከፓይረትሮይድ የሚያድናት ኢንዛይም እዚህ ላይ መርዙን ራሱን ያነቃዋል። ይህን አጎበር ማግኘት ያልቻለ ቤተሰብ ፒቢኦ ያለበትን ያለማመንታት ይውሰድ፤ በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ጥላ ሥር ያስጣው፣ ጫፉንም ከፍራሹ ሥር በሚገባ ይሸጉጠው።